ሁለት ዳገት፣ ሙሉ ቀን ዝናብ

ርቀት 78 ኪሎሜትር። ድምር ዳገት 1,250 ሜትር፣ ድምር ቁልቁለት 1,040 ሜትር። ብስክሌቱ 15 ኪሎ፣ ጓዙ ከውሃና ከስንቅ ጋር 20 ኪሎ፣ ነጂው 75 ኪሎ፤ በጥቅሉ 110 ኪሎ። አጃቢ የለም።

በእንዲህ ያለ ቀን ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። ሊፈራ የሚገባው ግን ቁልቁለቱን ነው። ዳገት ላይ ሰውነት ይሠራል፣ ሙቀቱም ከራሱ ይመነጫል። ቁልቁለት ላይ ያው ሰው በላብና በዝናብ እንደራሰ፣ እግሩ ሥራ ፈትቶ፣ ፊት ለፊት በሚመጣ ንፋስ ውስጥ ተቀምጦ ይወርዳል። እጁ የሚደነዝዘውም ፍሬን በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ የሚሠራው ሁሉ ለቁልቁለቱ ዝግጅት ነው ብንል አልተጋነነም።

ንጋት 12፡00

ከፍታን ከአየር ግፊት የሚለካው የእጅ ሰዓት ማታ ካሳየው 40 ሜትር ጨምሮ አደረ። ድንኳኑ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የወረደው የአየር ግፊቱ ነው። ዝቅ ባለ አገር 8 ሜትር ገደማ ከ1 ሄክቶፓስካል ጋር ስለሚመጣጠን፣ በአንድ ሌሊት 5 ሄክቶፓስካል ያህል ቀንሷል። ይህ ዝናብ ለመምጣቱ ዋስትና አይሆንም፤ ጓዝ በምን ቅደም ተከተል እንደሚታሰር ለመወሰን ግን ይበቃል።

የመኝታ ከረጢቱና የማታ ልብሱ በሁለት ሽፋን ይገባሉ፦ መጀመሪያ ውሃ በማያስገባ ቀጭን ከረጢት፣ ከዚያ በጎን ቦርሳው። የቦርሳው አፍ ቢያንስ 3 ጊዜ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ሲቸኩሉ አንዴ ብቻ አጥፈው ካሰሩት፣ ውሃው ቀዳዳ ሳያስፈልገው በአፉ ይገባል። ከባድ ዕቃ (መሣሪያ፣ ማብሰያ፣ ምግብ) ወደ ታችና ወደ ብስክሌቱ መሃል ይጠጋል። ሁሉም ኋላ ላይ ከተከመረ ዳገት ላይ የፊት ጎማ ይቀልና መሪው ይዋልላል። የዝናብ ልብሱ፣ ትርፍ ጓንቱ፣ አንድ ደረቅ የውስጥ ልብስና የቀኑ ስንቅ ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ በሚወጡበት ቦታ ከላይ ይቀመጣሉ። በዶፍ ውስጥ ቦርሳ መበርበር ማለት ቦርሳውን በውሃ መሙላት ነው። የረጠበው ድንኳን ለብቻው ከውጭ፣ በዕቃ መጫኛው ላይ ይታሰራል፤ ከደረቅ ዕቃ ጋር ከገባ እስከ ማታ ሁሉንም ያረጥበዋል።

ጥጥ የሆነ ነገር ዛሬ አይለበስም። ጥጥ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ርሶ ሲለጠፍም ሙቀት ይሰርቃል። ቀጭን ሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ ይሻላል። ሁለቱም ይረጥባሉ፤ ግን ርሰውም ከጥጥ የተሻለ ያሞቃሉ።

ከመነሳት በፊት የመጨረሻው ሥራ መልእክት መላክ ነው፦ የሚሄዱበት መንገድ፣ ለማደር የታሰበው ቦታ፣ እና "እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ" የሚል ቁርጥ ያለ ሰዓት። ሰዓት የሌለው መልእክት ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህን ከዝናብ ልብስ እኩል ሊቆጥረው ይገባል።

1፡15 መነሻ

የጎማው ስፋት 42 ሚሊሜትር ነው። በደረቅ መንገድ ከነጭነቱ ከኋላ 3.8፣ ከፊት 3.2 ባር ይነፋል፤ ዛሬ ከሁለቱም 0.2 ባር ይቀነሳል፣ ጎማው መሬቱን በሰፊው እንዲይዝ። ከዚያ በላይ ማጉደል አይገባም። ጉድጓድ በውሃ ተሸፍኖ ሲደበቅ የተራበ ጎማ ከቸርኬው ጋር ተጋጭቶ ካላማዳሪውን እንደ እባብ ንክሻ ሁለት ቦታ ይበሳዋል።

ፓራፋንጎው ከጎማው ቢያንስ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ይራቅ። ከዚያ ከጠበበ ጭቃና ቅጠል ይጠቀጠቅበትና ጎማውን ይይዛል። የፊተኛው ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ ወደ መሬት የሚንጠለጠል የላስቲክ ቁራጭ መጨመር ትንሽ ሥራ ነው፤ ጫማንና ሰንሰለትን የሚያድነው ግን እሱ ነው። በዝናብ ቀን እግርን የሚያርሰው ውሃ አብዛኛው ከሰማይ ሳይሆን ከፊት ጎማ የሚረጨው ነው።

2፡15 የመጀመሪያው ዳገት

10 ኪሎሜትር፣ አማካይ ድፋቱ 6 በመቶ። በ100 ሜትር ርቀት 6 ሜትር ይወጣል፤ በጠቅላላው 600 ሜትር። 110 ኪሎ 600 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት 647 ኪሎጁል ይፈጃል፣ የጎማው መጎተት ሲጨመር ወደ 730 ይጠጋል። በማግስቱም መንዳት የሚፈልግ ሰው ሳይደክም ሊያወጣ በሚችለው 130 ዋት ሲሰላ 94 ደቂቃ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 6.4 ኪሎሜትር ይሆናል። ይህን ቁጥር አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ እረፍት ይሰጣል፤ ፍጥነት መለኪያው 6 ሲያሳይ ሰው ደካማ ሆኖ ሳይሆን ሂሳቡ እንዲያ ስለሆነ ነው።

ለዚህ ፍጥነት ማርሹ ሊመጥን ይገባል። ከፊት 24 ጥርስ፣ ከኋላ 34 ጥርስ ሲሆን አንድ የፔዳል ዙር 1.5 ሜትር ያስኬዳል፤ 6.4 ኪሎሜትር በሰዓት ማለት በደቂቃ 70 ዙር ነው፣ ለጉልበት የሚስማማ። ትንሹ ማርሽ 30 በ32 ከሆነ ግን ያው ፍጥነት 53 ዙር ላይ ይወድቃል። እያንዳንዱ እርግጫ ይከብዳል፣ በሦስተኛው ቀን የጉልበት ሎሚው ማመም ይጀምራል። ለጭነት ጉዞ ብስክሌት ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ትንሹ ማርሽ ስንት በስንት እንደሆነ ነው፤ ትልቁን ማርሽ ማንም ሳይፈልገው ይከርማል።

3፡00 ላይ ካፊያ ጀመረ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ወዲያው የዝናብ ጃኬት አጥልቆ ዳገቱን መቀጠል ነው። ውሃ አያስገባም የሚባል ጃኬት ሁሉ፣ ላብ ያስወጣል ቢባልም፣ ዳገት የሚወጣ ሰው የሚያልበውን ያህል አያስወጣም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የውስጥ ልብሱ ከዝናቡ በባሰ በላብ ይርሳል። በካፊያ ንፋስ ከሌለ በቀጭን ልብስ መውጣት ይሻላል። ዶፍ ሲሆን ጃኬቱ ይለበሳል፤ ያኔም የብብቱና የደረቱ ዚፕ ተከፍቶ፣ ከሥሩ አንድ ልብስ ወልቆ።

መጠጣትና መብላት አይቋረጥም። ብርድ ጥምን ያስረሳል፤ ላቡ ግን እየወጣ ነው። በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ፣ ከ40 እስከ 60 ግራም የሚያህል ስኳርና ስታርች። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ጓንት ሳይወልቅ፣ በአንድ እጅ የሚበላ ነገር ካልተዘጋጀ በዝናብ ውስጥ ሳይበላ ይቀራል።

3፡55 ከአናቱ 300 ሜትር በፊት

ማረፊያው የተራራው አናት ላይ አይደለም። አናቱ ላይ ንፋሱ ከማዶ ይመጣል፤ የላበ ሰው እዚያ ቆሞ ዚፕ ሲፈልግ ሙቀቱን በደቂቃዎች ያጣዋል። ንፋሱ ገና ያላገኘው የመጨረሻው ኩርባ፣ ቋጥኝ ወይም ግንብ ያለበት ቦታ፣ ትክክለኛው ነው። እዚህ 10 ደቂቃ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ካለፈ ሰውነቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል።

መጀመሪያ ጆሮ ይሰጣል። መብረቁ ከበረቀ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቆጠራል፤ በየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ አናቱ አይታለፍም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ርቆ። የዛሬው ዝናብ ነጎድጓድ የለውም።

ከዚያ ልብስ። የራሰው የውስጥ ልብስ ወልቆ ከላይ የተቀመጠው ደረቁ ይለበሳል፣ በላዩ ጃኬቱ፣ ዚፑ አሁን እስከ አገጭ። ደረቱ ላይ በጃኬቱ ሥር የሚገባ የታጠፈ ጋዜጣ ወይም ላስቲክ የቆየ የብስክሌተኞች ዘዴ ነው፣ አሁንም ይሠራል። ካልሲው ላይ ፌስታል ተደርጎ ጫማው ይጠለቃል። ጓንቱ ይለወጣል፤ ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆን ሰፋ ያለ የላስቲክ ጓንት በቀጭን ሱፍ ጓንት ላይ ሲደረብ ውድ ከሚባሉት ብዙዎቹን ይበልጣል። የማታው ልብስ ግን አይነካም። ሁለት ሽፋን ውስጥ ያለው ልብስ መንገድ ላይ ከወጣ ማታ ደረቅ ነገር የለም፤ ደረቅ ነገር የሌለው ብቸኛ መንገደኛ የቀረው መጠጊያ ሌላ ሰው ብቻ ነው።

ቀጥሎ አፍ የሚሞላ ነገር ይበላል፤ ከዚያ ፍሬኑ ይፈተሻል፣ የፊትና የኋላ መብራት ይበራል።

በመጨረሻ የጣት ፈተና። አውራ ጣት የዚያኑ እጅ ትንሿን ጣት ጫፍ በቀላሉ ይነካል ወይ? ካልነካ ያ እጅ ፍሬን አይጨብጥም፤ እጁን ብብት ውስጥ አስገብቶ ማሞቅ ይቀድማል። ጓደኛ ያለው ሰው "ፊትህ ገርጥቷል፣ ንግግርህ ተኮላተፈ" የሚለው አለው። ብቻውን ያለ ሰው ራሱን መጠየቅ አለበት፤ ከ100 ወደ ኋላ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ምላሱ ይያዝ እንደሆነ ይሰማል። መንቀጥቀጥ ሰውነቱ ገና እየታገለ መሆኑን ያሳያል። ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ከቆመ ግን ነገሩ ከፍቷል፤ ጉዞው እዚያው ተቋርጦ መጠለያ፣ ደረቅ ልብስና እርዳታ ይፈለጋል።

4፡10 ቁልቁለቱ

የመጀመሪያው ጉዳይ ርቀት ነው። ጎማው መሬቱን የመያዝ አቅሙ በግማሽ ቢቀንስ መቆሚያ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት ከ25 ወደ 35 ኪሎሜትር ሲጨምርም እንዲሁ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ሲገናኙ አራት እጥፍ ነው። በዚህ ላይ ቸርኬውን የሚጨብጥ ፍሬን በዝናብ ወዲያው አይነክስም፤ የፍሬን ጎማው መጀመሪያ ውሃውን ከቸርኬው ላይ መጥረግ አለበት፣ ያ ደግሞ ጥቂት የጎማ ዙሮች ይፈጃል። ስለዚህ ከኩርባ በፊት አስቀድሞ በስሱ ተነክቶ ይጠረጋል፤ ከዚያ የምር ይያዛል። ኩርባው ውስጥ አይያዝም።

የዲስክ ፍሬን ይህ ችግር ያንሰዋል፣ የራሱ ግን አለው። ሬዚን በሚባል ሙጫ የተሠራው ለስላሳ የፍሬን ሸራ በአሸዋማ ዝናብ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ ብረት የተቀላቀለበት ቢጮህም ይቆያል። ለዝናብ ወቅት ጉዞ ሁለተኛውን መግጠም፣ አንድ ትርፍ ጥንድም መያዝ ይመረጣል። ሸራው ወደ 1 ሚሊሜትር ከሳሳ ይለወጣል፤ ጨርሶ ሲያልቅ ብረት ለብረት ተፋጭቶ ዲስኩን ያበላሻል። በቸርኬ ፍሬን ደግሞ የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ ቆሞ ማየት ነው። የአሉሚኒየም ቅንጣትና ጠጠር የፍሬን ጎማው ላይ ተሰክቶ ቸርኬውን እየላገው ነው፤ በመርፌ ወይም በቢላ ጫፍ ይነቀላል።

ፍሬን ሁልጊዜ በስሱ ይዞ በእኩል ፍጥነት መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል። ሂሳቡ ሌላ ይላል። በ6 በመቶ ድፋትና በዚህ ክብደት በሰዓት 25 ኪሎሜትር ገደማ እየያዙ ሲወርዱ ፍሬኑ ላይ የሚወርደው ሙቀት ወደ 270 ዋት ነው፣ ከየትኛውም ፍጥነት የበለጠ። ቀስ ካሉ የሚለቀቀው ኃይል ያንሳል፣ ከፈጠኑ አየሩ ይወስደዋል። በደረቅ ቀን ይህ ቸርኬውን አግሎ ካላማዳሪ ያፈነዳል። በዝናብ ውሃው ቸርኬውን ስለሚያቀዘቅዝ ያን ያህል አያሰጋም፤ ዲስክ ላይ ግን ሸራውን ይበላል። አጥብቆ ይዞ ፍጥነት ቀንሶ፣ ለቆ አሳርፎ፣ እንደገና መያዝ ይሻላል፤ እጅም በዚያው ያርፋል።

መንገዱ ራሱ እኩል አያዳልጥም። ከደረቅ ሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዝናብ የባሰ ድጥ ነው፤ የዘይትና የአቧራ ቅባት ይነሳል። ነጭ ቀለም፣ የብረት ክዳን፣ የረገፈ ቅጠል፣ የድልድይ መገጣጠሚያ ብረት፤ እነዚህ ላይ መሪ አይዞርም፣ ፍሬን አይያዝም። ሐዲድ የሚታለፈው ቀጥ ብሎ ነው፣ በ90 ዲግሪ። ከኩርባው የሚወርደው ጎርፍ ጠጠር ይዞ የሚጥለው የኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ትንሽ ወደ መሃል መጠጋት ይሻላል፣ የሚመጣውን መኪና እያዩ።

5፡20 ሸለቆው

እዚህ የሚባለው ጥቂት ነው። የኩሬ ጥልቀት አይታወቅምና በዙሪያው ይታለፋል። መንገዱን አቋርጦ የሚሄድ ደራሽ ውሃ ከጉልበት በላይ ከሆነ፣ ወይም ደፍርሶ እንጨት ይዞ የሚወርድ ከሆነ አይገባበትም። በጎን ቦርሳ የተጫነ ብስክሌት ውሃ ውስጥ እንደ ሸራ ይገፋል፣ ነጂውንም ይዞት ይሄዳል። ዝናቡ ሲያባራ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይጎድላል፤ መጠበቅ ነው።

6፡40 ጎማ ተበሳ

በዝናብ ቀን ጎማ የሚበሳው በአጋጣሚ አይደለም። ውሃ ስባሪ ጠርሙስና ሽቦ ጠርጎ ወደ መንገድ ዳር ያመጣል፤ የረጠበ ላስቲክ ደግሞ ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ይቆረጣል። ይባስ ብሎ የተበሳው የኋላው ነው።

ድልድይ ሥር ወይም ጣሪያ ሥር እስኪደረስ በእግር ይገፋል። ቦርሳዎቹ ይወርዳሉ። ሰንሰለቱ ወደ ትንሹ የኋላ ጥርስ ይለወጣል፣ ጎማው በቀላሉ እንዲወጣ። ብስክሌቱ ሰንሰለት በሌለበት ጎኑ ይጋደማል።

ዝናብ ላይ መለጠፍ የለም፤ ማስቲሹ እርጥብ ላስቲክ አይይዝም። በትርፍ ካላማዳሪ ይለወጣል፤ ለዚህ ነው ሁለት ትርፍ የሚያዘው። ነገር ግን የበሳው ነገር ሳይገኝ አዲሱን ማስገባት ሁለተኛውንም ማስበሳት ነው። የወጣው ካላማዳሪ ተነፍቶ ቀዳዳው በከንፈር ወይም በጉንጭ ይፈለጋል፤ የደነዘዘ ጣት ስስ ንፋስ አይሰማውም። ከዚያ ቫልቩን ከጎማው የቫልቭ ቦታ ጋር አመሳስሎ በማስተኛት ቀዳዳው ጎማው ላይ የት እንደሚያርፍ ይታወቃል። የጎማው ውስጥ በጨርቅ ይዳሰሳል፣ በጣት አይደለም። ጨርቁ የሚነካከስበት ቦታ ላይ ሽቦው አለ። በፒንሳ ይነቀላል።

አዲሱ ካላማዳሪ ክብ ቅርፅ እስኪይዝ ብቻ በትንሹ ይነፋና ይገባል። የጎማው ጠርዝ መጨረሻ የሚገባው ቫልቩ አጠገብ ነው፣ በእጅ፣ መፈልቀቂያ ሳይነካ፤ መፈልቀቂያው አዲሱን ቆንጥጦ ይበሳዋል። ቫልቩ አንዴ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይለቀቃል። በትንሽ የእጅ ፖምፓ ከ200 ምት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀጭን መስመር ዙሪያውን ከቸርኬው እኩል መራቁ ይታያል፤ አንድ ቦታ ከሰመጠ አስተንፍሶ ማስተካከል ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰውነት ቀዝቅዟልና የመጀመሪያው ኪሎሜትር በእግር እየገፉ ቢሄዱ ይሞቃል።

9፡00 የሁለተኛው ዳገት ግርጌ

8 ኪሎሜትር፣ 5 በመቶ፣ 400 ሜትር። የደከመ ሰው በ120 ዋት 70 ደቂቃ፣ ከማረፊያ ጋር 90 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቁልቁለቱ 30 ደቂቃ። ድንኳን በብርሃን ለመትከል 1 ሰዓት። የሚመሸው 12፡00 ስለሆነ ወደ ኋላ ሲቆጠር ግርጌው ላይ መድረስ ያለበት 9፡00 ነው። ዛሬ ለትንሽ ተደርሷል። 9፡30 ቢሆን ኖሮ ግርጌው ላይ ማደር ነበር፣ ጉልበት ቢተርፍም። በጨለማና በዝናብ ከሚወረድ ቁልቁለት ይልቅ ያልተጨረሰ 16 ኪሎሜትር ይሻላል።

ሰንሰለቱ እዚህ መንጨርጨር ጀምሯል። ለደረቅ አየር የሚሆን ቀጭን ዘይት በአንድ ዶፍ ታጥቦ ይሄዳል። ወፍራሙን ዘይት በትንሽ ጠርሙስ መያዝና መሃል ላይ አንዴ መቀባት በቂ ነው። ዘይቱ ግን ዲስኩን ወይም የፍሬን ሸራውን እንዳይነካ፤ ሸራ አንዴ ዘይት ከጠጣ አይድንም።

ከአናቱ በፊት ያው ሥርዓት ይደገማል፣ በደረቁ የውስጥ ልብስ ፋንታ ቀድሞ የወለቀውን ጨምቆ መልሶ በመልበስ።

11፡00 ማደሪያ

የሸለቆው ወለል ውሃም ቀዝቃዛ አየርም የሚተኛበት ነው፤ ሸንተረሩ ንፋስ አለው። ከሁለቱ መሃል፣ ጥቂት ዘንበል ያለ፣ ከላዩ የደረቀ ቅርንጫፍ የሌለበት ቦታ ይመረጣል። የድንኳኑ የውጭ ሸራ መጀመሪያ የሚቆም ዓይነት ከሆነ ውስጡ አይረጥብም፤ ካልሆነ መሬት ላይ እያለ የውጩን ከላዩ አልብሶ ከሥሩ ማቆም ነው። ነጂው ከመግባቱ በፊት የራሰውን ሁሉ መግቢያው ላይ ያወልቃል፣ ሰውነቱን ያደርቃል፣ የማታውን ልብስ ይለብሳል። ውስጥ ተዘግቶ ምድጃ አይለኮስም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሲደክሙ ደግሞ የእንቅልፍ ስሜት ነው የሚመስለው።

ከምግብ በፊት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ብስክሌቱ 15 ደቂቃ ይሰጠዋል። ሰንሰለቱ በጨርቅ ይጠረጋል፣ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት፣ 20 ዙር፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ከውጭ ያለው ይጠረጋል። ልኬት ማየት ለሚፈልግ፦ 24 የሰንሰለት ክፍል ሲለካ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊሜትር ነው። 1.5 ሚሊሜትር ከተሳበ ባለ 11 ማርሽ ሰንሰለት ይለወጥ፤ ባለ 8 እና ባለ 9 እስከ 2.3 ይታገሣል። የመቀመጫው ዘንግ ቁመቱ በፕላስተር ምልክት ተደርጎበት ይወጣና ብስክሌቱ ይገለበጣል። ውሃ ከወጣ እዚያው የተጠራቀመው ወደ ፔዳሉ ኩሽኔታ ሊወርድ የነበረ ነው። የዕቃ መጫኛው ብሎኖች በመፍቻ ይነካሉ፤ ዝናብና ጉድጓድ አብረው ያላሏቸዋል።

የተበሳው ካላማዳሪ አሁን በደረቅ እጅ ይለጠፋል። በአሸዋ ወረቀት ይሻከራል፣ ማስቲሹ በስሱ ይቀባል፣ ብልጭታው እስኪጠፋ 5 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ መለጠፊያው ተጭኖ ይያዛል። ቻርጅ መሰኪያው ያልደረቀ ስልክ ሌሊቱን አይሰካም። "ደርሻለሁ" የሚለው መልእክት ግን አሁኑኑ ይላካል።

እርጥቡ የመንገድ ልብስ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቅና ይሰቀላል፤ በዝናብ ሌሊት ግን አይደርቅም። ንጋት ላይ መልሶ የሚለበሰው እሱ ነው። ደረቁ ወደ ሁለቱ ሽፋኑ ይመለሳል፣ አፉ 3 ጊዜ ተጠቅልሎ፣ ውጭ ምንም ያህል ቢበርድ።